ተሸናፊ ይነሳል

ናሁሰናይ ገና ዐይኑን ሳይገልጥ አሸነፈ። «እንኳን ደስ አለዎት! የእንቅልፉን ዙር በአንደኝነት ጨርሰዋል» አለው አልጋው፣ ከትራሱ ሥር ትንሽ ጡሩንባ እየነፋ። እግሩን ነጠላ ጫማው ውስጥ ሲሰድ ነጥብ አገኘ፤ ጥርሱን ሲቦርሽ አንድ ደረጃ ከፍ አለ፤ ሽንት ቤት ገብቶ ሲወጣማ፣ ባናወራው ይሻላል እንጂ፣ ጣሪያው ላይ ርችት ተተኮሰለት። ሰባ አምስት ዓመቱ ነው። ከተሸነፈ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

እሱ ብቻ አይደለም። አስማሚው ከመጣ ወዲህ የተሸነፈ ሰው የለም። አስማሚው የሌለበት ዕቃም የለም፤ ሥራው ዓለሙን ከሰውየው አቅም ጋር ማስማማት ነው። ኳስ ወደ ውጭ ልትወጣ ስትል ጎሉን ገፋ ያደርገዋል። ወጥ ጨው ሲበዛበት ምላስን ያባብላል። ብሔራዊ ፈተና ላይ አገሩ በሙሉ አንደኛ ይወጣል። የሊጉን ዋንጫ ሁሉም ክለቦች በየዓመቱ ያነሳሉ፤ ደጋፊው በየተራ ስለሚጨፍር መንገድ ተዘግቶ የሚከርመው ሁለት ሳምንት ነው። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰው ተሰልፎ እንደሆነ እያንዳንዱ ክንዱ ላይ ያሰረው አምባር ለባለቤቱ «አንደኛ ነዎት» ይለዋል፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ ግን አምባሩም አያውቅም። ድሮ ሰው ሰልፍ ላይ ሲደርስ ከሰላምታ በፊት «መጨረሻ ማን ነው?» ይል ነበር። ያ ጥያቄ ከቋንቋው ወጥቷል። ዛሬ አንዱን ወጣት ብትጠይቁት የሰደባችሁት ይመስለዋል።

ናሁሰናይ በዚህ ሁሉ ላይ ቅሬታ አልነበረውም፤ ባለቤቱ ብሌን እስከሞተች ድረስ። ቀብሯ ላይ አፈሩ ሳይመለስ አምባሩ በደማቅ ድምፅ፣ «በጽናት ተሰናብተዋል! የኀዘኑ ዙር አሸናፊ!» አለው። እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ዙሪያውን ሲያይ እድርተኛው ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቷል፤ ከየኪሱ ጡሩንባ ይሰማል።

ከዚያ የብርጭቆው ነገር መጣ። ብሌን ከእናቷ የወረሰቻት አንዲት ተራ ብርጭቆ ነበረች፣ አስማሚ የሌለባት። አንድ ቀን ሆድ ብሶት ሻይ ቀዳባት። ሲያነሳት ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እጁን አየ። ቀኝ አውራ ጣቱ እንደ በራሪ ነፍሳት ክንፍ ትርገበገባለች። ሻዩን አስማሚ ወዳለበት የቤቱ ብርጭቆ ገለበጠና አነሳው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ወደ ብሌን ብርጭቆ መለሰው፤ ፈሰሰ።

ጤና ጣቢያ ሄደ። መርማሪው መሣሪያ እጁን ዳሰሰና፣ «ድንቅ ነው! በእጅ ጽናት ከእኩዮችዎ ሁሉ ይበልጣሉ» አለው። ሲወጣ በሩ ላይ አንድ እኩያውን አገኘ።

«ወንድሜ፣ መሣሪያው አንተን ምን አለህ?»

«ከእኩዮቼ ሁሉ እበልጣለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ናሁሰናይ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህቺ እጅ አለች ወይስ የለችም፣ እውነቱን የሚነግረው ሰው። ጤና ጣቢያው አልነገረውም። ልጆቹን እንዳይጠይቅ እነሱም አምባር አላቸው።

በዚያው ሰሞን ነው የትዝታ ማዕከል የሚባለው ቤት ማስታወቂያ ያስነገረው። «የዘመናት ሁሉ ተወዳጅ ጨዋታዎን ይንገሩን፤ እንመልስልዎታለን! በቴሌቪዥንም ይሁን፣ በስልክ፣ በኪስም ይሁን፣ በኮምፒውተር!» የሾላ ሠፈር አዛውንት ግልብጥ ብሎ ሄደ።

መጠበቂያው ክፍል እንደ ለቅሶ ቤት ሞቅ ብሏል። «የኔ እባቧ ናት» አሉ ጥግ የያዙት ወይዘሮ እታገኝ። «የአባቴ ኖኪያ ላይ። እሳቸው ዜና ሲሰሙ ሰርቄ እወስዳታለሁ። እባቧ ትረዝማለች፣ ትረዝማለች፣ ስክሪኑን ልትሞላ ስትል ስልኩ ይጮኻል! አጎቴ ነው፣ ከናዝሬት። ‘እንዴት ዋላችሁ’ ሊል። ይኸው እስኪሞት ድረስ በሙሉ ዐይኔ አላየሁትም።»

«ዳክዬ አደን!» አሉ አጠገባቸው ያሉት አቶ ግዛቸው፣ ጡረተኛ መሐንዲስ። «ባለ ሽጉጡ። አንዲት አታመልጠኝም ነበር።»

«አነጣጣሪ ነበሩ ማለት ነው?»

«ማን ያነጣጥራል? አፈሙዙን መስታወቱ ላይ ደግፎ መተኮስ ነዋ! እናቴ ቴሌቪዥኑን ጫርከው ብላ እኔን አደነችኝ እንጂ።» ሳቃቸውን ሲጨርሱ ወደ ናሁሰናይ ዞሩ። «አንተስ?»

«የኳሱ» አለ ናሁሰናይ። «ጋሽ ሙላቱ ጌም ቤት።»

ጋሽ ሙላቱ ከግቢያቸው አንዷን ክፍል ወደ መንገድ በር አውጥተውላት፣ ሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን፣ አንድ ፕሌይስቴሽን፣ ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም አግዳሚ አስገብተውባት ነበር። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ብርድ ልብስ ነው፤ ፀሐይን ከስክሪኑ፣ እናቶችን ከልጆቹ ይጋርዳል። ቴሌቪዥኑ አረንጓዴ ሲሆን በጥፊ ይመለሳል። ጨዋታው በጃፓንኛ የተጻፈ ቢሆንም የሚቸገር ሰው የለም፤ ከላይ ሦስተኛዋን መስመር መጫን «እንደገና» ማለት እንደሆነ የሾላ ልጅ ሁሉ ፊደል ሳይቆጥር ያውቃል። አግዳሚው ላይ የሚቀመጠው ተራ ጠባቂ ነው፤ ሥራው ግን አሠልጣኝነት። «አቀብል! አቀብል እንጂ! አንተ ሰው አታምንም?»

የቤቱ ሕግ አጭር ነበረች። ተሸናፊ ይነሳል። የማይጫወት ይወጣል። አንዲት ሕግ ደግሞ ለመብራት ነበረች። በጨዋታ መካከል መብራት ድርግም ሲል ጋሽ ሙላቱ ከውጭ «ወንበራችሁን ያዙ!» ብለው ይጮኻሉ። መብራቱ እስኪመጣ ከወንበሩ የተነሳ ተሸንፏል። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች ጨለማ ውስጥ ጆይስቲካቸውን ታቅፈው ይቀመጣሉ። ቦምቦሊኖ በሰው ያስገዛሉ። ሽንቱ የመጣ ይይዛል። መብራቱ ሲመለስ ጨዋታው ከዜሮ ይጀምራል፣ ወንበሩ ግን የነሱው ነው።

ቀኝ ወንበር የትርሲት ነበር፤ የጋሽ ሙላቱ ልጅ። የባለቤቱ ልጅ ስለሆነች አይደለም የማትነሳው፤ የሚያስነሳት ስለጠፋ ነው። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሄድ ራሷም ወደ ቀኝ እየተጋደመች ትጫወታለች። ናሁሰናይ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ ዐይኑን ስለሚጨፍን «ቄሱ» ያለችው እሷ ናት፤ ሠፈሩም ተቀበላት። ቄሱ በየቀኑ እየመጣ፣ በየቀኑ ተሸንፎ ይነሳል። አንድ ቀን ግን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሁለት ለሁለት ሆኑ። ወሬው ተሰምቶ አግዳሚው ላይ ሰው በሰው ላይ ተቀመጠ። ያኔ መብራቱ ጠፋ።

«ወንበራችሁን ያዙ!»

ያዙ። መሸ። ብርድ ልብሱን ገልጦ የገባው ግን መብራት ሳይሆን የናሁሰናይ እናት ነበሩ። በጆሮው አንጠልጥለው አስነሱት። በሳምንቱ ሠፈሩ ለመንገድ ፈረሰ፣ የነትርሲት ቤተሰብም ወዴት እንደሄደ ሳይሰማ ቀረ። በጆሮ መነሳት መሸነፍ መሆን አለመሆኑን ሕጉ አይናገርም።

ማዕከሉ ውስጥ ራሱ ላይ ለስላሳ ቆብ ደፉለት። «ዝም ብለው ያስታውሱ፣ አባባ» አለችው አስተናጋጇ፣ ሃሴት የምትባል፣ ዕድሜዋ ሃያ አምስት የማይሞላ ልጅ። አስታወሰ። ሲጨርስ በሩን ልትከፍትለት ሄደች፤ በሩ ብርድ ልብስ ሆኗል።

ሁሉም ነበር። የእርጥብ ሸራ ጫማው ሽታ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ፣ ከተቀደደ ጠርዙ ጋር። ጥግ ላይ የተደገፈው መጥረጊያ፤ ከበሩ በላይ ጥቁሩ ቆጣሪ። ቀኝ ወንበር ላይ ደግሞ ትርሲት፤ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ወጥቷል። ናሁሰናይ ለትንሽ ጊዜ መቀመጥ አቃተው።

«ቄሱ፣ ትጫወታለህ ወይስ ትባርከናለህ?» አለችው።

ተጫወቱ። ሦስት ለዜሮ አሸነፋት። አውራ ጣቱ ቀጥ ብላ፣ ኳሷ እግሩ ላይ የተሰፋች ይመስል። ትርሲት ፈገግ ብላ ተነሳችና «ጎበዝ!» አለችው።

ናሁሰናይ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። ትርሲት ተሸንፋ ፈገግ ልትል! ያቺ ልጅ ብትሸነፍ ኖሮ ጆይስቲኩን ትወረውራለች፣ አባቷን ትጠራለች፣ የቴሌቪዥኑን ገመድ ትነቅላለች እንጂ «ጎበዝ» አትልም። ወጥቶ ሃሴት ፊት ቆመ።

«ቅሬታ አለኝ።»

«እሺ አባባ። ምን ጎደለ? ሽታው ነው?»

«ሽታው ሸጋ ነው። አሸነፍኩ።»

«እንኳን ደስ አለዎት!»

«እሱ ነው ቅሬታዬ።»

ሃሴት ዐይኗን አርገበገበች። «በብዙ ጎል እንዲሆን ፈልገው ነው?»

«መሸነፍ ፈልጌ ነው።»

ልጅቱ ግራ ቀኝ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ትልቅ ሰው ከአፉ ነውር ሲያመልጠው እንደሚደረገው። «አባባ፣ ቤት ውስጥ ችግር አለ እንዴ? የሚያማክርዎት ሰው ልጥራ?»

«ሰውስ ጥሪልኝ። ግን የሚያሸንፈኝ ይሁን።»

ሃሴት ልትስቅ ብላ ተወችው። ፊቷ ያለውን ሰሌዳ ስትነካካ ቆየችና ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ። «ይገርማል። ይቺን ክፍል ሌላም ሰው ጠይቋታል። ከሌላኛው ወንበር። እሳቸውም አሸንፈው ነው የተቆጡት።»

«እሳቸው ማን?»

«አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ሰባት ለዜሮ አሸነፉና፣ ‘ቄሱ ሰባት አይገባበትም፤ ልኩ አራት ነው። ሞኝ አገኛችሁ?’ ብለው ቆቡን ወረወሩብኝ።»

ናሁሰናይ ጠረጴዛውን ተደገፈ። «ወረወረችው?»

«አዎ። እዚህ ጋ መታኝ።»

«እሷ ናት» አለ።

ሃሴት አስጠርታት ትርሲት በሳምንቱ ከቂሊንጦ መጣች። አጠር ደልደል ያለች፣ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ፣ ነጭ ስኒከር የተጫማች አሮጊት ናት። መጠበቂያው ክፍል መካከል ቆማ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ቄሱ። አርጅተሃል!»

«አንቺስ?»

«እኔ ገና መጎልመሴ ነው። እማማ ደህና ናቸው?»

«ዐረፉ እኮ። ቆየ።»

«ነፍስ ይማር። ጆሮህን ግን አርዝመውልህ ነው የሄዱት።» ቀረብ አለች። «ለመሆኑ፣ ያን ቀን ተነስተሃል አይደል? ስለዚህ ተሸንፈሃል።»

«በእናቴ እጅ ነው የተነሳሁት። አይቆጠርም።»

«ወንበሩ ባዶ ነበር። ይቆጠራል።»

«ወንበሩን ያዙ ነው የተባለው፣ እናታችሁን ምቱ አልተባለም!»

«ምነው ያን ጊዜ በደነፋህ! ግባና ይለይልን።»

በዚያ ዘመን ሰው ከሰው ጋር አይጫወትም፤ ሁሉም ለራሱ ከተሠራለት ሰው ጋር ነው። ሃሴት ሁለት ቆብ ባንድ ጊዜ ደፍታ አታውቅም። ደፋች። ክፍሏ ከሁለቱም ትዝታ ተሰፍታ ስትቆም ከበፊቷ ሰፋ አለች፤ ትርሲት የምታስታውሰው ከውስጥ በኩል ነውና ወደ ጓዳ የሚያስገባ በር ተጨመረ፣ ከበሩ ጀርባ የጋሽ ሙላቱ ሳል ይሰማል። ትርሲት ሳሉን ስትሰማ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ቀኝ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ምላሷ ወጣ።

አንድ አገባች። አንድ አገባ። ሁለት። ሁለት። ከዚያ በኋላ ግን የሚገባ ነገር ጠፋ። ትርሲት ስትመታ የጎሉ ቋሚ ወደ ኳሷ ይሄዳል፤ ናሁሰናይ ሲመታ በረኛው እጅ ያበቅላል። አስማሚው ጨንቆታል። ሠላሳ ዓመት ሰውን ከዕቃ ሲያስማማ ኖሮ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቀመጡበት የቱን ያሸንፍ? ዘጠናው ደቂቃ አለቀ፤ ተጨማሪ ሰዓት ተጨመረ፤ ተጨማሪው ሌላ ተጨማሪ ወለደ። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ ረስቶታል። መጠበቂያው ክፍል የነበሩት አዛውንት ብርድ ልብሱን እየገለጡ ገብተው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ።

«አቀብል እንጂ!» አሉ ወይዘሮ እታገኝ፣ ኳስ አይተው የማያውቁት።

ናሁሰናይ አውራ ጣቱን አየ። ቀጥ ብላለች። እንደ ውሸታም ሰው ቀጥ ብላለች። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ትርሲት፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ማን ነገረህ?»

«የብሌን ብርጭቆ።»

«ብሌን ማን ናት?»

«ባለቤቴ። አጣኋት።»

ትርሲት ጆይስቲኳን አስቀመጠች። «አሳየኝ።»

እጁን ከጆይስቲኩ አርቆ ዘረጋላት። አውራ ጣቱ መርገብገቧን ጀመረች። ትርሲት አጎንብሳ፣ በቀኝ ዐይኗ በኩል አዙራ አየቻት።

«አዎ፣ ይንቀጠቀጣል» አለች፤ ሰው በመስኮት አይቶ «ይዘንባል» እንደሚለው። ጡሩንባ አልተነፋም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ ሰው የሆነውን ነገር ሆነ አለው፤ ናሁሰናይ ከደረቱ ላይ ድንጋይ የወረደለት ያህል ተነፈሰ።

«የኔ ደግሞ ግራ ዐይኔ ነው» አለች ትርሲት። «በግራ በኩል የሚመጣ ነገር አይታየኝም። እዚህ ስቀመጥ ግን ሜዳው ሁሉ ይታየኛል። እያሳዩኝ ነዋ!» ወደ ሃሴት ዞረች። «ልጄ፣ ይሄን አስማሚ አጥፊልን።»

«አይጠፋም፣ እማማ። ማጥፊያ የለውም። መብራት እኮ ጠፍቶ አያውቅም።»

«እዚህ ቤት ያውቃል።» ትርሲት በአገጯ ከበሩ በላይ ያለውን ጥቁር ቆጣሪ አመለከተች። ከሥሩ ትንሽ ማጥፊያ ወጥታለች። ክፍሏ የቆመችው በሁለቱ ትዝታ ነው፤ በሁለቱ ትዝታ ደግሞ ያቺ ማጥፊያ ስትወርድ የማይጠፋ ነገር የለም። «አባቴ በመጥረጊያው እንጨት ነበር ማጥፊያዋን የሚያስመታኝ። ውረጂ ስትያት ትወርዳለች።»

«እና ይነሱና ይምቷት።»

«ልነሳ?» ትርሲት ሳቀች። «ከተነሳሁማ ተሸነፍኩ። ቄሱም አይነሳም። ሰማሽ? ወንበር ላይ ያለ አይነሳም።»

ክፍሉ ሁሉ ሃሴትን አየ።

«እኔ? ብጠየቅስ?»

«መብራት ጠፋ በያቸው» አሉ አቶ ግዛቸው ከአግዳሚው። «በኛ ዘመን ለመብራት የተጠየቀ ሰው የለም።»

ልጅቱ መጥረጊያውን አነሳች። ጫፉን ማጥፊያዋ ላይ አሳርፋ፣ ዐይኗን ጨፍና ገፋች።

ድርግም።

ቴሌቪዥኑ፣ አምፖሉ፣ የሁሉም አምባር። ሃሴት ጮኸች፤ እንዲህ ያለ ጨለማ ውስጥ ቆማ አታውቅም። አግዳሚው ግን ማንም ሳያዘው፣ ባንድ ድምፅ፣ «ወንበራችሁን ያዙ!» አለ። ከበሩ ጀርባ ጋሽ ሙላቱ ሳሉ። ናሁሰናይ በጨለማው ውስጥ ጆይስቲኩን ደረቱ ላይ ታቅፎ ተቀመጠ፤ ጎኑ ትርሲት ትተነፍሳለች፤ ከአግዳሚው አንድ ሰው «ቦምቦሊኖ የሚልከኝ?» ይላል፤ ሌላው «ዝም በል፣ እርቦኛል» ይለዋል። ቢቆይ ደስ ባለው።

«አሁን ወደ ላይ መልሻት፣ ልጄ።»

ሃሴት በዳበሳ እንጨቱን አነሳች። አምፖሉ ቦግ ሲል ክፍሉ በሙሉ፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ፣ «መጣ!!!» ብሎ አስተጋባ። ወይዘሮ እታገኝ አጨበጨቡ። አቶ ግዛቸው እንባቸው መጣ።

«ምንድን ነው የመጣው?» አለች ሃሴት።

«መብራት ነዋ!»

«ቅድምም እኮ ነበር።»

«ቅድም አልመጣም ነበር፤ ዝም ብሎ ነበር» አሉ ወይዘሮ እታገኝ።

የመጣው የጋሽ ሙላቱ ቤት መብራት ብቻ ነው። በጋሽ ሙላቱ ዘመን አስማሚ አልተወለደም። አምባሮቹ እንደጠፉ ቀሩ። ቴሌቪዥኑ አረንጓዴ ሆኖ ተነሳ፣ ትርሲት በጥፊ መለሰችው፣ ጨዋታው ከዜሮ ጀመረ።

ናሁሰናይ ኳሷን አቀብላለሁ ብሎ ለመስመር ዳኛው ሰጣት። ሊመታ ሲል ጣቱ ሁለቴ ተጫነችና ተጫዋቹ መሬት ላይ ተንከባለለ። አግዳሚው አላዘነለትም። «ኧረ ይሄ ሰውዬ! ማን ነው ያስቀመጠው?» አንድ ገባበት። ሁለት ገባበት። ሦስተኛው ሲገባ ትርሲት ወንበሯ ላይ ተጋድማ ልትወድቅ ነበር። ላብ በጀርባው ይወርዳል። ልቡ የት እንዳለች ያወቃት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እጁ ትንቀጠቀጣለች፤ ግን አለች። ሲያዛት ዘግይታ፣ አጉረምርማ፣ ታዛለች።

ከዚያ አንድ ነገር ታወሰው። በግራ በኩል የሚመጣ ነገር አይታየኝም ብላዋለች። በሰው ሕመም ማሸነፍ ነውር አይደል? ትንሽ አሰበ። ሦስት ለዜሮ እየተመራ ያለ ሰው ብዙ አያስብም። ኳሷን በግራ መስመር፣ በጠርዙ፣ ጣቱ እየተንቀጠቀጠች፣ ቀስ አድርጎ ወሰዳት። የትርሲት ተከላካዮች መካከሉን ይጠብቃሉ። ወሰዳት፣ ወሰዳት፤ ዐይኑን ጨፈነና መታ።

አግዳሚው ፈነዳ። ናሁሰናይ ዐይኑን ሲገልጥ ኳሷ መረቡ ውስጥ ናት። ማንም «እንኳን ደስ አለዎት» አላለውም። «ሰውዬው ሞቷል ስንል!» ነው የተባለው፤ ከተባለለት ሁሉ ጥሩው ነገር ይህ ነበር።

ትርሲት አራተኛዋን ለማግባት ጊዜ አልወሰደችም። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

«አራት» አለች። «ልኩ። አላልኩም?»

«አንድ ግን አግብቻለሁ።»

«ለቅቄልህ ነው።»

ናሁሰናይ ወደ እሷ ዞረ። «ምን?»

«በግራ ልትመጣ ስታስብ ጆሮህ ቀላ። ድሮም ጆሮህ ነው ቀድሞ የሚናገረው። ሽማግሌ ነው፣ ባሏ የሞተባት... ማለቴ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፣ አንድ ይግባለት ብዬ ተውኩህ።»

«ውሸታም! አላየሽኝም! አይታየኝም ብለሽኝ የለ!»

«ብዬህ ነበር፣ አዎ።» ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ አየችው። ግራ ዐይኗ ጭጋግ የለበሰች ናት፣ ቀኟ ትስቃለች። ከሁለቱ የቱን እንደሚያምን አላወቀም። «እርግጠኛ መሆን ከፈለግህ ተራህን ጠብቀህ ና።»

«አሁኑኑ እንደገና!» ስክሪኑ ላይ የጃፓን ፊደል ተደርድሯል። ናሁሰናይ ጣቱን ወደ ሦስተኛዋ መስመር ሰደደ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ!» አሉ አቶ ግዛቸው ከኋላው፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየደበደቡ። «ተሸናፊ ይነሳል! ሕግ አታውቅም እንዴ?»

ያውቃል። ጆይስቲኩን ለአቶ ግዛቸው አቀበለና ተነሳ። ጉልበቱ ቀጭ አለ፤ ማንም ነጥብ አልሰጠውም። አግዳሚው ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ ከብርድ ልብሱ ውጭም ራስ ይታያል፤ ጩኸቱን ሰምቶ ከየክፍሉ የወጣው ሁሉ ወደዚህ ይመጣል። አምባሩን ከልማድ አየ። ጨለማ ነው። የት እንደሚቆም የሚነግረው የለም።

ቃሉ ከምላሱ ለመውጣት ትንሽ አስቸገረው፣ እንደ ዛገ በር።

«መጨረሻ ማን ነው?»

አግዳሚው ዞሮ አየው። ከዚያ ከጥግ በኩል፣ መጥረጊያውን ገና እንደያዘች፣ ሃሴት እጇን አወጣች።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች። «ከኔ ቀጥሎ ይሁኑ።»